ለውጥ እምቢ ያለውን መሥሪያ ቤት ምን ይዞት ነው? ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ዝናቡ ከነጋ ጀምሮ አላባራም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ በረንዳውን ሞልቶ ደረጃው ላይ ደርሷል። ቦታው ጅማ ውስጥ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። መስኮቱ አጠገብ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ከዛሬ ጀምሮ ካርድ የሚወጣው በካርድ ቁጥር ብቻ ነው።» ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ውስጥ ያለው ሥራ ግን እንደ ድሮው ነው።

ኃላፊው ምክንያቱን ባጭሩ ነገሩኝ። «ሠራተኛው ለውጥ አይፈልግም።»

ይህን አባባል ትምህርት ቤት ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ቀበሌ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥም ሰምቼዋለሁ። አልቀበለውም። ያው ሠራተኛ በቴሌብር ገንዘብ መላክ የለመደው ማንም ሳያስገድደው ነው። ሰው ለውጥን በደፈናው አይጠላም፤ ባለበት የያዘው ነገር አለ። ያን ነገር ፈልጎ ማግኘትና መፍታት ይቻላል። የሶሲዮሎጂ፣ የሥነ ልቦናና የአንትሮፖሎጂ ሰዎች ለዚህ የሚሆን መንገድ ሠርተውልናል፤ ብዙ በጀትም አይጠይቅም። ከዚህ በታች ያለው እኔ ራሴ የምጠቀምበት ቅደም ተከተል ነው። የሥራ ክፍል ኃላፊም፣ ርዕሰ መምህርም፣ የማኅበር ሥራ አስኪያጅም፣ ሳያስበው «የለውጥ ቡድን» ውስጥ ስሙ የገባ ሠራተኛም ሊሠራበት ይችላል።

1. ችግሩን በዓይን በሚታይ ቋንቋ ጻፉት

«የአገልግሎት አሰጣጥን ማሻሻል» የዕቅድ ርዕስ እንጂ ችግር አይደለም። «አንዲት እናት ካርዷ እስኪወጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ትቆማለች» ግን ችግር ነው። ሄዶ ማየት ይቻላል፤ በሰዓት መለካት ይቻላል። ከወር በኋላ መለወጥ አለመለወጡንም ማንም መናገር ይችላል።

አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የሚቸገረው ማነው? የት ላይ? መቼ መቼ? እነዚህን መመለስ ካቃታችሁ ገና አላያችሁትም ማለት ነው። አትጨነቁ፤ ቀጣዩ ደረጃ ለዚያው ነው።

2. ሥራው ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ እዩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል፤ አዳራሽ ይያዛል፤ ውሎ አበል ተከፍሎ ሥልጠና ይሰጣል። ሥራው ራሱ ሲሠራ ግን ያየ የለም። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አንትሮፖሎጂ የሰጠን ትልቁ መሣሪያ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። በርጩማ ይዛችሁ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ቢያንስ ሦስት ጠዋት፣ በተለያየ ቀን። ጅማ ውስጥ ከሆናችሁ አንዱ ቀን ሐሙስ ይሁን፤ ገበያ የወጣው የገጠር ሰው ጉዳዩንም በዚያው ስለሚጨርስ የቢሮው መልክ ሌላ ነው። ማስታወሻ ያዙ። ማን መጣ፣ ምን ጠየቀ፣ ሠራተኛው ምን አነሳ፣ ማንን ጠየቀ፣ የት ላይ ተገታ። የራሳችሁን አስተያየት በሌላ ገጽ አድርጉት። «ሰነፍ ነው» አትበሉ፤ «ሦስት ጊዜ ተነስቶ ወደ መደርደሪያው ሄደ» ብላችሁ ጻፉ።

ከመቀመጣችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ኃላፊውን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውንም። ማስታወሻውን ማን እንደሚያየው ንገሩት። ስሙ እንደማይገባበት ቃል ግቡ፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ጥግ የያዘ ሰው እኛ አገር ቶሎ የሚያስታውሰው ግምገማን ነው። አንድ ጊዜ ያያችሁትን ለአለቃ ካቀበላችሁ በዚያ ቤት ዳግመኛ እውነት አትሰሙም።

የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ቺካጎ አጠገብ በነበረው የሆውቶርን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1932 የተደረጉት ጥናቶች ትርጓሜያቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንድ ማስጠንቀቂያቸው ግን ይጠቅመናል፦ ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ አሠራሩ ሊቀየር ይችላል። ሰንበት ስትሉ ግን ይለምዷችኋል።

እኔም ዋናውን ነገር ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ካርድ የሚያወጡት ሰው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ናቸው። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ፈትሻ ፈትሻ የቀጠሮ ወረቀቷን አጣችው። ሻርፗ ከዝናቡ ረጥቦ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። ጋሼ አልተቆጡም። ቀና ብለው ማስታወቂያውን አዩት። ከዚያ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ሰደድ አድርገው ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ ደብተር አወጡ።

«እህቴ፣ ሰፈርሽ የት ነው?»

«በቾ ቦሬ።»

«የማን እናት?»

የልጇን ስም ነገረቻቸው። ጣታቸው በገጹ ላይ ወረደ። ፋጡማ የሚባሉት ብቻ ሁለት ገጽ ሞልተዋል። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የመጀመሪያ ልጅ ስም፣ ሰፈር፣ እንደ «ከመስጊዱ ጀርባ» ያለ ምልክት፣ መጨረሻ ላይ የካርድ ቁጥር። ካርዱን ይዘው ሲመለሱ ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ማስታወቂያው የከለከለው ይህንኑ ደብተር ነበር። ኃላፊው «የድሮ ልማድ» ይሉታል። ቁጥሯ የጠፋባት ሴት ካርዷን የምታገኝበት መንገድ ግን እሱ ብቻ ነበር። ክሪስ አርጂሪስ የተባሉ ምሁር ሰዎች «የምንሠራው እንዲህ ነው» በሚሉትና በተግባር በሚሠሩት መካከል ስላለው ልዩነት ብዙ ጽፈዋል። ያን ልዩነት ስታገኙ ጥፋተኛ ያዝን ብላችሁ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ እኔ ያገኘሁት መመሪያው የማያውቀውን ችግር በራሱ መንገድ እየፈታ ያለ ሠራተኛ ነው።

3. ለየብቻ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ አነጋግሩ

ስብሰባ ላይ «አስተያየት ያለው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስገኝም። ይሉኝታ አለ። አለቃ ፊት የሚባለው «እሺ» ነው። «እሺ» ደግሞ ሁልጊዜ «ተስማምቻለሁ» ማለት አይደለም። «ሰምቻለሁ» ሊሆን ይችላል። «አሁን ከእርስዎ ጋር አልከራከርም» ሊሆንም ይችላል። ይህን የማያውቅ ኃላፊ ከስብሰባ ደስ ብሎት ይወጣና ወር ቆይቶ ይናደዳል።

ስለዚህ ለየብቻ አግኟቸው። ጅማ የቡና አገር ናት፤ ተጠቀሙበት። አቦሉ ላይ ስለ ዝናቡና ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል። ቶናው ላይ ሥራው ይነሳል። የልብ ነገር የሚወጣው በረካው ላይ ነው። አሥር ደቂቃ ሰርቃችሁ ብትመጡ ከአቦሉ አታልፉም።

«ችግሩ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ፤ የበጀት እጥረት፣ የሰው ኃይል እጥረት፣ የግብዓት እጥረት። ሪፖርት ላይ የለመድነው ነው። በምትኩ እነዚህን ሞክሩ፦

«እስቲ ያለፈውን ሐሙስ ከመግቢያ እስከ መውጫ ይንገሩኝ።»
«አዲስ ሠራተኛ ቢመጣ ወረቀት ላይ የሌለ ምን ያስተምሩታል?»
«ይህ አሠራር ቢቀር እርስዎ ምን ይቀርብዎታል?»
«ከዚህ በፊት የመጣው ለውጥ መጨረሻው ምን ሆነ?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትለፏት። የመንግሥት ሠራተኛው ቢፒአርን (የሥራ ሂደት ለውጥን) አይቷል። ቢኤስሲን (ሚዛናዊ የውጤት መመዘኛን) አይቷል። የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስትን አይቷል። የካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ከጃፓን የመጣውን የቀስ በቀስ ማሻሻያ መንገድ፣ ካይዘንንም አይቷል። በእያንዳንዱ ውስጥ የሚጠቅም ነገር ነበር፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ግን እያንዳንዱ ባነር፣ ሥልጠናና ቅጽ ይዞ መጣ። ቀጣዩ ሲመጣ የቀደመው ቅጽ ካርቶን ውስጥ ገባ። ይህን ሁሉ ያሳለፈ ሰው «ይሄም ያልፋል» ብሎ ቢጠብቅ ከስንፍና አትቁጠሩበት፤ ያየውን እያስታወሰ ነው። እናንተ ከቀደሙት በምን እንደምትለዩ በሥራ እስክታሳዩት መጠበቅ መብቱ ነው።

ሌላው ቋንቋ ነው። ጅማ ውስጥ አንድ ሰው ሪፖርቱን በአንድ ቋንቋ ጽፎ ቁጭቱን በሌላ ያወራል። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ባልደረባ ይዛችሁ ሂዱ። ሰው በሚቀናው ቋንቋ ሲያወራ ዝም ይባል የነበረው የጽዳት ሠራተኛ ሁሉ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

4. የሚገፋውንና የሚይዘውን ለይታችሁ ሣሉ

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ነው።

ኩርት ሌዊን (1890–1947) ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን ተሰድዶ አሜሪካ የገባ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። አንድ አሠራር ባለበት የሚቆየው፣ ወደፊት የሚገፉትና ወደኋላ የሚይዙት ኃይሎች ስለተመጣጠኑ ነው ይላል። መለወጥ ከፈለጋችሁ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ ግፊቱን ትጨምራላችሁ፤ ወይ የያዘውን ታላላችሁ። ግፊት ሲጨመር ግን ውጥረቱም አብሮ ይጨምራል።

ቁልቁለት ላይ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ድንጋይ የተደረገለት ባጃጅ አስቡ። ድንጋዩን ሳታነሱ አምስት ሰው ሆናችሁ ብትገፉት ወይ አይንቀሳቀስም ወይ ይሰበራል። ድንጋዩን ብታነሱት በአንድ እጅ ይሄድላችኋል። ቢሮዎቻችን ውስጥ የማየው መግፋት ነው። ማስታወቂያ፣ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ስብሰባ፣ እንደገና ስብሰባ። ጎንበስ ብሎ ጎማውን የሚያይ የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። መሀሉ ላይ ከላይ ወደ ታች መስመር አስምሩ። በግራ የሚገፉትን፣ በቀኝ የሚይዙትን ጻፉ። ለእያንዳንዱ ቀስት ሣሉ፤ ጠንካራ ለሆነው ወፍራም፣ ለደካማው ቀጭን። ይህን ብቻችሁን አትሥሩት፤ ሥራውን ከሚሠሩት ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ያህል ይኑር።

የካርድ ክፍሉን ስንሥል በግራ በኩል ማስታወቂያው፣ የኃላፊው ቁጣ፣ ለበላይ የሚላከው ሪፖርትና የሰልፉ ርዝመት ገቡ። በቀኝ በኩል የወጣው ግን ማናችንም ያልጠበቅነው ነበር። የቀጠሮ ወረቀቱ ስስ ነው፤ የጅማ ዝናብ አንድ ቀን ሲያገኘው ቁጥሩ ይጠፋል። ማንበብ የማይችሉ እናቶች የትኛው ወረቀት የቱ እንደሆነ አይለዩም። ተመሳሳይ ስም ብዙ ነው። አንዱ ሠራተኛ ስሙን በፊደል፣ ሌላው በቁቤ ስለሚጽፈው አንድ ሰው ሁለት ካርድ ይኖረዋል። ደግሞ በመጨረሻ፣ ብዙ ዝምታ ካለፈ በኋላ አንዲት ሲስተር ቀስ ብላ፣ «ጋሼ ከሌሉ ሥራው ይቆማል። ያ ደግሞ ክብራቸው ነው» አለች። ጋሼ መሬት መሬት አዩ። ማንም አልሳቀም።

ከቀኝ በኩል ሁለት ምረጡ፤ ከባድ የሆነና በእጃችሁ ያለ። ከባድ ሆኖ ከእጃችሁ የወጣውን፣ ለምሳሌ የሕንፃውን ጥበት፣ ለበላይ ጽፋችሁ አስተላልፉና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ።

5. መፍትሔውን ሥራውን የሚሠሩት ያውጡት

ሌዊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ የቤት እመቤቶች ጋር የሠራው ሙከራ አለ። ሥጋ አጥሯል፤ መንግሥት ሰው ልብና ኩላሊት የመሳሰለውን የሆድ ዕቃ እንዲበላ ይፈልጋል። ለአንዳንዶቹ ጥሩ ንግግር ተደረገላቸው። ሌሎቹ እርስ በርስ ተወያይተው ራሳቸው እንዲወስኑ ተደረገ። ንግግር ከሰሙት ቤት ሄደው የሞከሩት 3 በመቶ ሲሆኑ ተወያይተው ከወሰኑት 32 በመቶ ናቸው። ዱለትን የሚያውቅ ሰው በጉዳዩ ይገረም ይሆናል፤ ልዩነቱ ግን ቀልድ አይደለም።

ሌስተር ኮችና ጆን ፍሬንች እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጡት የፋብሪካ ጥናትም አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ የፒጃማ ፋብሪካ የሥራ ለውጥ ሲመጣ፣ አንደኛው ቡድን እንዲሁ ተነገረው። በመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ከአባላቱ 17 በመቶው ሥራውን ለቀቁ። በዕቅዱ ላይ በሙሉ የተሳተፉት ግን ቶሎ ወደ ቀድሞ ፍጥነታቸው ተመልሰው አልፈውትም ሄዱ።

ከዚህ የምወስደው ምክር አለ። ከመጀመራችሁ በፊት ምኑ ክፍት፣ ምኑ ዝግ እንደሆነ በግልጽ ንገሩ። «ካርድ በፍጥነት መውጣት አለበት፤ ይህ አይቀየርም። እንዴት የሚለውን ግን እናንተ ወስኑ» ማለት ሐቀኛ ንግግር ነው። ውሳኔው ካለቀ በኋላ «እስቲ ተወያዩበት» ማለት ግን ማታለል ነው። ሰው ያውቀዋል፤ አይረሳውምም። ጭራሽ ካለማሳተፍ ይከፋል ብዬ አምናለሁ።

ቡድኑ ውስጥ ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን አስገቡ። የካርድ ክፍሉ መፍትሔ ከጥበቃው ነው የመጣው። «እናቶች የጤና መድን መታወቂያቸውን አይጥሉም» አለ። «በላስቲክ ጠቅልለው፣ በመሀረብ አስረው ነው የሚይዙት። በር ላይ ሲፈቱት አያለሁ።» ክፍሉ ጸጥ አለ። የካርድ ቁጥሩ ከመታወቂያው ጋር እዚያው ላስቲክ ውስጥ በወፍራም ወረቀት እንዲገባ ተወሰነ። መታወቂያ ለሌለው ደግሞ ጋሼ ደብተራቸው ላይ የሚይዙት የሰፈርና የልጅ ስም የስም መፈለጊያው ካርድ ላይ ተጨመረ። የተከለከለው ደብተር ሕጋዊ አሠራር ሆነ ማለት ነው።

6. በትንሹ ሞክሩት

በዚህ ጅማዎች አስተማሪ አያስፈልገንም። አረንጓዴውን የቡና ፍሬ የሚያጠቁረው ሲቢዲ የተባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ታየ። ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መርጦ አወጣ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ስማቸው ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን 1974 ያመለክታል። ገበሬው እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣለት የአባቱን ቡና በአንድ ጀምበር አይነቅልም። ጥቂት እግር ይተክላል፤ የጎረቤቱን ያያል፤ ከዚያ ይጨምራል።

ኤቨረት ሮጀርስ የተባለ የሶሲዮሎጂ ሰው እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ሥራ አዲስ ነገር ቶሎ የሚስፋፋበትን ጠባይ ዘርዝሯል። ጥቅሙ ከቀድሞው ሲበልጥ፣ ከሰዉ ኑሮና እምነት ጋር ሲስማማ፣ ውስብስብ ሳይሆን፣ በትንሹ መሞከር ሲቻል፣ ውጤቱም በዓይን ሲታይ። ዕቅዳችሁን በእነዚህ አምስቱ ፈትሹት። አንዱ ከጎደለ እሱን ጠግኑ።

በተግባር፦ አንድ መስኮት፣ ሁለት ሳምንት። ከመጀመራችሁ በፊት ለካችሁ ያዙ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ ያንኑ ለኩ። ካልሠራ ማንም አይወቀስም ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጊዜውን ምረጡ። ኅዳር ላይ አትጀምሩ፤ ግማሹ ሠራተኛ ልቡ ማና ወይም ጎማ ወረዳ ያለው የቤተሰቡ ቡና ላይ ነው። ሰኔም አይሆንም፤ በጀት መዝጊያ ነው። በረመዳን ወርም ረጅም ስብሰባ የሚያስተናግድ ጉልበት አይተርፍም።

7. ለውጡ የሚነካውን ሰው አስቡ

እያንዳንዱ ለውጥ ከአንድ ሰው ላይ የሚወስደው ነገር አለ። ከጋሼ የወሰደው «እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት» መባልን ነው። ይህን በዝምታ ማለፍ ግፍ ነው። እኛ አዳዲስ ሠራተኞችን የሚያሠለጥኑት እሳቸው እንዲሆኑ ጠየቅን፤ በደብዳቤ፣ በማኅተም። ደብዳቤውን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ኮምፒውተር ሲገባም ያው ነው። ትሪስትና ባምፎርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ እንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ጽፈዋል። አዲሱ የማሽን አሠራር ተረዳድተው የሚሠሩትን ትንንሽ ቡድኖች በተነ፤ ምርቱም እንደታሰበው አልሆነም፤ ከሥራ መቅረት በዛ። አዲስ መሣሪያ ከማስገባታችሁ በፊት ማን ከማን ጋር ተጠጋግቶ እንደሚሠራ እዩ። ያንን መጠጋጋት አትበትኑት።

8. እናንተ ብትነሱም እንዲቆይ አድርጉት

ሹም ይቀየራል። ለውጡ በእናንተ ጉልበት ብቻ የቆመ ከሆነ ከእናንተ ጋር ይሄዳል። አዲሱን አሠራር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ከግማሽ ገጽ ባልበለጠ ጻፉትና መስኮቱ ውስጥ፣ ሠራተኛው በሚያየው በኩል ለጥፉ። የአዲስ ሠራተኛ ማስተዋወቂያ ውስጥ አስገቡት። ወርኃዊው ሪፖርት ላይ አንድ መስመር ይኑረው፤ ሪፖርት ውስጥ የሌለ ነገር ይረሳል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከማኅበረሰቡ ጋር ተያይዞ ማስተማርን መርሁ ያደረገ ተቋም ነው፤ የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች በየጊዜው መጥተው እንዲለኩላችሁ ጠይቁ። እነሱም ይማሩበታል።

ስድስት ወር ሲሞላ አንድ ሐሙስ ጠዋት ያንኑ በርጩማ ይዛችሁ ተመለሱ። በመጀመሪያ ገጻችሁ ላይ የጻፋችሁትን ሰዓት እንደገና ለኩ። ከጠረጴዛው ሥር አዲስ ደብተር ካለም እዩ። ካለ፣ እሱን ከፍታችሁ ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሩ።